ብራውንሎውን ከዳኞች እጅ አትንጠቁ

ሰሞኑን ሜልበርን በምንኖር ሐበሾች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ሲነበብ ሰንብቷል። ጸሐፊው የአውስትራሊያ ፉትቦልን፣ እዚህ አገር «ፉቲ» የሚሉትን፣ በደንብ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በየዓመቱ ለሊጉ ኮከብ የሚሰጠው የብራውንሎው ሜዳልያ ፍትሐዊ አይደለም። ስለዚህ ድምፁ ከዳኞች ተወስዶ ለአሠልጣኞች ወይም ለሕዝብ ይሰጥ። የታገደ ተጫዋች አያሸንፍም የሚለው ደንብም ይሰረዝ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አቅርበዋል። አንዱን እቀበላለሁ፤ ሌሎቹን አልቀበልም። ነገሩ ከልቤ ስለሚያገባኝ አንድ በአንድ ልመልስ።

በቅድሚያ ጨዋታውን ለማይከታተል አንባቢ ትንሽ ማብራሪያ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሊጉ ኤኤፍኤል ይባላል፤ 18 ክለቦች አሉት። በየጨዋታው ከእያንዳንዱ ቡድን 18 ተጫዋቾች ትልቅ ሞላላ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። መደበኛው ጨዋታ እንዳለቀ የሜዳ ዳኞቹ ተመካክረው ለምርጡ ተጫዋች 3፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 ድምፅ ይሰጣሉ። ወረቀቱ ይታሸጋል። በውድድር ዘመኑ ማብቂያ አንድ ምሽት ላይ በቴሌቪዥን ዙር በዙር ይነበባል። የፍጻሜ ተከታታይ ጨዋታዎች አይቆጠሩም። ሜዳልያው በ1924 ለጂሎንጉ ኤድዋርድ ግሪቭስ ከተሰጠ ጀምሮ ድምፁ የዳኛ ነው። መስፈርቱ ምርጥ መሆን ብቻ አይደለም፤ በሥርዓት መጫወትንም ይጠይቃል። በሜዳ ላይ ጥፋት ለአንድ ጨዋታ እንኳ የታገደ ሰው የቱንም ያህል ድምፅ ቢሰበስብ ሜዳልያውን አይወስድም።

የጸሐፊው የመጀመሪያ ክስ በዳኞቹ ላይ ነው። ዳኛ ፊሽካውን ይንፋ፣ ተጫዋች መመዘን ሥራው አይደለም ይላሉ። ደግሞም ቂም ይይዛል። ለዚህ ማስረጃ ያደረጉት የግሬግ ዊልያምስን የ1993 ታሪክ ነው። ዊልያምስ ያን ዓመት ለካርልተን እየተጫወተ ሜልበርን የሚባለውን ክለብ ሲገጥሙ 44 ጊዜ ኳስ አቀበለ። ከዳኞቹ ግን አንድም ድምፅ አላገኘም። በዘመኑ መጨረሻ የኤሰንደኑ ጋቪን ዋንጋኒን በ18 ድምፅ አሸነፈ፤ ዊልያምስ በ17 ቀረ። አንዲት ድምፅ ብቻ! ዊልያምስ ከዳኞች ጋር ስለሚጨቃጨቅ ነው የተቀጣው የሚል ብዙ ሰው ነበር፤ ዛሬም አለ።

ጸሐፊው ግን ታሪኩን መሀል ላይ አቋርጠውታል። ዊልያምስ ከዚያ በፊት በ1986 ይህንኑ ሜዳልያ ተጋርቶ ወስዷል። ከ1993 በኋላስ? ልክ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1994፣ በ30 ድምፅ አሸነፈ። ያው ሰው ነው፣ ያው ምላስ ነው፣ ድምፅ ሰጪዎቹም ዳኞች ናቸው። ቂም ያለበት ቤት በዓመቱ 30 ድምፅ አይሰጥም። የ1993ቱ ጨዋታ ስህተት ሊሆን ይችላል። እኔም ብሆን ለ44 ቅብብል ቢያንስ አንድ ድምፅ እሰጥ ነበር። ስህተት መሥራት ግን አንድ ነገር ነው፣ ቂም መያዝ ሌላ። በዚያ ላይ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ማንም ሳይጋፋው ኳስ ተቀብሎ አጠገቡ ላለው የሚያቀብልና ከሦስት ሰው መሀል ኳስ ነጥቆ የሚያወጣ፣ ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ቅብብል ነው የሚመዘገብላቸው። ልዩነቱን የሚያየው አጠገባቸው ቆሞ ያለው ሰው ነው።

ለአሠልጣኞች ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ደግሞ ያለውን ነገር እንደሌለ ይቆጥራል። የአሠልጣኞች ሽልማት ከ2003 ጀምሮ አለ። ከየጨዋታው በኋላ ሁለቱ አሠልጣኞች ከ5 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣሉ፤ አንድ ተጫዋች ከሁለቱም ቢበዛ 10 ያገኛል። የተጫዋቾቹ ማኅበር የራሱ ሽልማት አለው፤ በ1982 ነው የተጀመረው፤ የሌይ ማቲውስ ዋንጫ ይባላል። እዚያ ተጫዋቾች የሚመርጡት የሌላ ክለብ ሰው ነው። እንግዲህ ብራውንሎውን ለአሠልጣኝ ብንሰጥ ምን እናተርፋለን? አንድ ዓይነት ሽልማት ሁለት ጊዜ።

ልዩነታቸው ራሱ ጥቅም አለው። በ2021 እና በ2023 ተጫዋቾቹ የመረጡት የዌስተርን ቡልዶግሱን ማርከስ ቦንተምፔሊን ነበር። ዳኞቹ ግን በ2021 ለኦሊ ዋይንስ 36፣ ለቦንተምፔሊ 33 ሰጡ። በ2023 ደግሞ ላኪ ኒል 31 ሲያገኝ ቦንተምፔሊ 29 ላይ ቆመ። ጸሐፊው ይህን የዳኞች ድክመት ማሳያ አድርገውታል። ለእኔ እንደዚያ አይደለም። ተጫዋቹ የሚመርጠው ሲገጥመው ያስፈራውን ሰው ነው። አሠልጣኙ የሚመርጠው እቅዱን የሠራለትን ወይም ያፈረሰበትን ነው። ሁለቱም ወገን አላቸው። በሜዳው ላይ ወገን የሌለው ሰው ዳኛው ብቻ ነው። ማን ቢያሸንፍ ደሞዙ አይለወጥም። ኳሱን ከማንም በቅርብ ይከታተላል፤ ተጫዋቹ ሲመታ፣ ሲወድቅ፣ ሲሰደብ ምን እንደሚመልስ በጆሮው ይሰማል። ይህን አሠልጣኙ ከመቀመጫው ሆኖ በመስታወት አያየውም።

ሁለተኛው ክስ ስለ 45 ነው። የካርልተኑ ፓትሪክ ክሪፕስ በ2024 ሜዳልያውን በ45 ድምፅ ወሰደ። ከዚያ በፊት በአንድ ጨዋታ ስድስት ድምፅ በሚሰጥበት አሠራር ክብረ ወሰኑ የደስቲን ማርቲንና የኦሊ ዋይንስ 36 ነበር። ያን ምሽት ሁለተኛ የወጣው ኒክ ዳይኮስ እንኳ 38 ነበረው። ጸሐፊው ድምፁ እንደ ብር ዋጋው ረክሷል ይላሉ። ቁጥሩ እንደሚያስደነግጥ አልክድም። ግን ዋጋው አልረከሰም። በአንድ ጨዋታ የሚሰጠው ድምፅ ያኔም ስድስት ነበር፣ ዛሬም ስድስት ነው። በ2024 እያንዳንዱ ክለብ 23 ጨዋታ ተጫወተ፤ ሲደመር 207 ጨዋታ፣ 1,242 ድምፅ። ከዚያ በፊት 22 ጨዋታ በነበረባቸው ዓመታት 1,188 ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ነው። የሆነው ነገር ጥቂት ሰዎች ከፍተኛውን ድርሻ መውሰዳቸው ነው። ይህም በድንገት የመጣ አይደለም። በ2020 በኮቪድ ምክንያት እያንዳንዱ ክለብ 17 ጨዋታ ብቻ ሲጫወት ላኪ ኒል 31 ድምፅ ሰበሰበ። በጨዋታ ሲካፈል ወደ 1.8 ይጠጋል፤ ክሪፕስ 1.96 ነው። ማርቲን በ2017 1.6 ነበር። መንገዱ ወደዚያው ሲያመራ ቆይቷል። ምክንያቱን ከፈለግን ደግሞ ወደሚቀጥለው ክስ እንሻገር። እሱን ነው የምቀበለው።

ሜዳልያው የመሐል ሜዳ ተጫዋቾች ሆኗል ይላሉ ጸሐፊው። እውነት ነው። ለግቡ ቅርብ የሚቆመው አጥቂ (ፉል ፎርዋርድ) ቶኒ ሎኬት በ1987 አሸንፏል፤ ያውም ከሆቶርኑ ጆን ፕላተን ጋር ተጋርቶ። ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም በዚያ ቦታ የሚጫወት ሰው ሜዳልያውን አልወሰደም። ዳኛው ኳሱን ወደ ላይ ሲያነጥር ዘለው የሚሻሙት ረጃጅሞቹ፣ ራክማኖቹ፣ በአንድ ወቅት ይህን ሜዳልያ እየተቀባበሉ ይወስዱት ነበር። በ1991 ጂም ስታይንስ፣ በ1992 ስኮት ዊንድ ካሸነፉ ወዲህ ራክነት ዋና ሥራው የሆነ ሰው አላሸነፈም። ለተከላካይም በሩ ጠባብ ነው። አንድ አጥቂ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሳይነካ ቢውል ሥራው የተከላካዩ ነው። ያ ሥራ ግን ለዓይን አይታይም፤ ያልሆነ ነገር ነውና።

ስለ ስታይንስ ትንሽ ልቆይ። ለእኛ ለስደተኞች ታሪኩ ይገባናል ብዬ ነው። ከደብሊን ነው የመጣው። ያደገው በአየርላንድ ፉትቦል ነው፤ የፉቲን ሞላላ ኳስ መምታት የተማረው እዚህ ነው። በ1987 ክለቡ ሜልበርን ከግራንድ ፋይናል (ከዋንጫው ፍጻሜ) አንድ እርምጃ ሲቀረው፣ ደንቡን ስቶ አንድ ተጫዋች ፊት ለፊት ተሻገረ። ዳኛው የተቃራኒውን ቡድን ምት 15 ሜትር ወደ ፊት አስጠጉ። ግቡ ሲረን ከተነፋ በኋላ ገባ፤ ሜልበርን ተሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ሰው የዘመኑ ምርጥ ያሉት ዳኞች ናቸው። ቂም ይይዛሉ ለሚለው ይህም መልስ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ችግሩ አለ። መድኃኒቱ ግን ጸሐፊው ያዘዙት አይደለም። የአሠልጣኞቹን ሽልማት የወሰዱትን ብንመለከት እዚያም አብዛኞቹ የመሐል ሜዳ ሰዎች ናቸው። ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። በ2018 አሠልጣኞች ራክማኑን ማክስ ጎንን ሲመርጡ ዳኞች ቶም ሚቸልን መርጠዋል። ሆኖም ኳሱ የሚበዛበት ቦታ ዓይንን ይስባል፤ የዳኛም ይሁን የአሠልጣኝ ዓይን።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ሌላ ነው። ከ2023 ጀምሮ በአንድ ጨዋታ አራት የሜዳ ዳኞች አሉ። አራት ሰው ማለት በየአቅጣጫው ዓይን አለ ማለት ነው። ከመመካከራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሦስት ሰው ስም ይጻፉ። ከዚያ ይነጋገሩ። አራት ሰው ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚጠራው ሁሉም ያየው ሰው ስም ነው፤ ያ ደግሞ የመሐል ሜዳው ነው። አንዱ ዳኛ ብቻ በቅርብ ያየው ተከላካይ በወሬ መሀል ይጠፋል። ቀድሞ ከተጻፈ ግን አይጠፋም።

ይህ ከዚህ በፊት በከፊል ተሞክሯል። በ1976 እና በ1977 ሁለቱ የሜዳ ዳኞች እየብቻ ድምፅ ይሰጡ ነበር። በ1976 የኤሰንደኑ ግራሃም ሞስ በ48፣ በ1977 የደቡብ ሜልበርኑ ግራሃም ቲስዴል በ59 ድምፅ አሸነፉ። ሁለቱም ራክማኖች ናቸው። ማስረጃ ነው ብዬ አልከራከርም። ዘመኑ የረጃጅሞቹ ነበር፤ በ1975ም የፉትስክሬዩ ራክማን ጋሪ ዴምፕሲ ነው የወሰደው። ሊጉ በ1978 ዳኞቹ በጋራ ወደሚሰጡት አንድ ድምፅ ተመለሰ። ግን ድምፅ አሰጣጡን መቀየር የተከለከለ ነገር እንዳልሆነ ያሳያል። እስከ 1930 ድረስ ዳኛው በየጨዋታው አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚመርጠው። 3፣ 2፣ 1 የመጣው በ1931 ነው። የተነካካው ሁልጊዜ ዘዴው ነው፤ ድምፁ ግን ከዳኛ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

በጠንካራ ቡድን ውስጥ ያሉ ኮከቦች ድምፅ ይሻማሉ የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። ብሪዝበን በ2001፣ 2002 እና 2003 በተከታታይ ዋንጫ የወሰደ፣ በኮከቦች የተሞላ ቡድን ነበር። በ2001 ጄሰን አከርማኒስ፣ በ2002 ሳይመን ብላክ ሜዳልያውን ወሰዱ። ሁለቱም የዚያው ቡድን ልጆች ናቸው። የዌስት ኮስት ክሪስ ጀድ በ2004፣ ቤን ከዚንስ በ2005 ወሰዱ፤ እነሱም ጎን ለጎን የሚጫወቱ ነበሩ። መሻማት አለ፤ ማሸነፍን ግን አይከለክልም።

ሕዝብ በስልኩ ይምረጥ የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ኮሊንግዉድ ብቻውን ከ100,000 በላይ አባላት አሉት። ትናንሾቹ ክለቦች ከዚያ ጋር አይወዳደሩም። ያኔ የምንቆጥረው ደጋፊን ነው እንጂ ጨዋታን አይደለም።

አሁን ዋናው። ጸሐፊው የታገደ አያሸንፍም የሚለውን ደንብ ያለፈበት ብለውታል። ክሪስ ግራንትን ጠቅሰዋል። እዚህ ላይ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የዌስተርን ቡልዶግስ ደጋፊ ነኝ። ፉትስክሬይ የሚመላለስ ሐበሻ ይህ ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ምግብ ቤቶቻችን ካሉበት ከኒኮልሰን ስትሪት እስከ ክለቡ ቤት እስከ ዊተን ኦቫል ሩቅ አይደለም። ልጆቻችን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊውን መለያ ለብሰው ነው የሚያድጉት። የግራንት ነገር በዚህ ሰፈር እንደ ቤተሰብ ሐዘን ነው የሚወራው።

በ1997 ግራንት 27 ድምፅ አገኘ። ከሁሉም በላይ ማለት ነው። የሴንት ኪልዳው ሮበርት ሃርቪ 26 ነበረው። ግራንት ግን በዚያው ዘመን የሆቶርኑን ኒክ ሆላንድን በመምታት ለአንድ ጨዋታ ታግዶ ነበር። ሜዳልያው ለሃርቪ ሄደ። ቡልዶግስም በዚያው ሴፕቴምበር ለግራንድ ፋይናል ለማለፍ በተደረገው ጨዋታ በአዴሌድ በሁለት ነጥብ ተሸነፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ የሰሜን ሜልበርኑ ኮሪ ማከርናን ከማይክል ቮስና ከጄምስ ኸርድ እኩል 21 ድምፅ አግኝቶ፣ በእገዳ ምክንያት ሁለቱ ብቻ ተሸልመዋል።

ያማል። ግን ደንቡ ይሰረዝ አልልም። ፉቲ ሰውነት ከሰውነት የሚጋጭበት፣ አንድ ክንድ የሰውን ዘመን የሚያበላሽበት ጨዋታ ነው። ከኮከብ ሽልማቶቹ ሁሉ መካከል ኮከቡ ሰውን እንዳይጎዳ ዋጋ የሚያስከፍል ደንብ እንደያዘ ለረጅም ዘመን የዘለቀው ይህ ነው። ደንቡ ተደብቆ አያውቅም። ማርች ላይ ዘመኑ ሲጀመር ሁሉም ያውቀዋል። ግራንትም ያውቀው ነበር። ደንቡን ለምንወደው ሰው ካነሳነው፣ ለማንወደውም ልናነሳው ነው።

ጸሐፊው የኢሳክ ሂኒንና የክሪፕስን ጉዳይ ጎን ለጎን አስቀምጠው «ሕጉ ሞቷል» ብለዋል። ከጽሑፋቸው ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ በደንብ መመለስ ይገባዋል። ክሪፕስ በ2022 የብሪዝበኑን ካለም አ ቺን ገጭቶ ራሱን እንዲስት አደረገው። ሁለት ጨዋታ ታገደ። የይግባኝ ቦርዱ ግን በሕግ ስህተት ምክንያት ቅጣቱን ሻረው። ከዚያ ክሪፕስ በ29 ድምፅ፣ ከኒል በአንዲት ድምፅ በልጦ ሜዳልያውን ወሰደ። የሲድኒው ሂኒ ደግሞ በ2024 ከሴንት ኪልዳው ጂሚ ዌብስተር ለመላቀቅ ክንዱን ሲያወናጭፍ ፊቱን መታው። ወደ ኋላ እያየ አልነበረም። ለአንድ ጨዋታ ታገደ፤ ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ከተገመቱት አሸናፊዎች አንዱ የነበረ ሰው በዚያው ቀረ።

ሁለቱን ሳይ እኔም ይከነክነኛል። የከፋ ጉዳት ያደረሰው ተሸለመ፣ ያነሰው ቀረ። ግን ጥፋቱ የማን ነው? የሜዳልያው አይደለም። የዳኞቹም አይደለም፤ በወረቀታቸው ያዩትን ጽፈዋል። ጉዳዩ የዲሲፕሊን ጉባኤው ነው። ሆን ብሎ ነው ወይስ በቸልተኝነት? ምቱ ከባድ ነው ወይስ ቀላል? ብሎ የሚመድበው እሱ ነው። አመዳደቡ ካልተስተካከለ ደንቡን ከሜዳልያው ብንነቅለውም ያው ጉባኤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተጫዋች ከግራንድ ፋይናል ያስቀራል። እገዳው ሁለት ጨዋታ ሲሆን ብቻ ይከልከል የሚል ሐሳብም አለ። ያኔ ሂኒና ግራንት ይተርፋሉ። ግን በቀጣዩ ዓመት ሁለት ጨዋታ የታገደው ሰው ደጋፊዎች ይኸንኑ ጽሑፍ እንደገና ይጽፉታል። አንድ ጨዋታ የሚለው ደንብ ግልጽ ነው፤ ይቅር አይልም፤ ግን ማንም አይታለልበትም።

ጸሐፊው በመጨረሻ ሊጉ ለግራንት ሜዳልያውን ወደ ኋላ ተመልሶ ይስጠው ብለዋል። በ1989 ለሌሎች ተሰጥቷል የሚለው ማስረጃቸው ትክክል ነው። እስከ 1980 ድረስ እኩል ድምፅ ያገኙ ሰዎች በተለያየ ስሌት ይለዩ ነበር። በ1930 ሦስት ሰዎች እኩል ሲሆኑ ያነሰ ጨዋታ የተጫወተው የሪችመንዱ ስታን ጀድኪንስ ነው የተሸለመው። ሊጉ በ1989 ይህን አርሞ ለስምንት ተጫዋቾች ሜዳልያ ሰጠ። ጥሩ አደረገ። እነዚያ ሰዎች ግን ምንም ጥፋት አልነበረባቸውም፤ ያሸነፋቸው ስሌት ነበር። ግራንትን ያስቀረው የታወቀ ደንብና አንድ ምት ነው። ኒክ ሆላንድም ሰው ነው፤ ተመትቷል። ሃርቪም ያን ዓመት ሳይታገድ ጨርሶ በደንቡ መሠረት ነው ያሸነፈው። ግራንትን እየወደድኩ፣ ከ1997ቱ ሜዳልያ ላይ የሃርቪ ስም ብቻ ይቆይ እላለሁ።